ከጡረታ ወደ ጡመራ፦ ከ60 በኋላ ብሎግ ለሚጀምሩ የአሠራር መመሪያ

ባለፈው ወር ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ንፍሮ ስቆረጥም አንድ የሰፈራችን ሰው ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው በሹክሹክታ «ያ... አንተ የምትጽፍበት ነገር... እንዴት ነው የሚጀመረው?» አሉኝ። ከቀብር ከተመለስን ገና አንድ ሰዓት አልሞላንም ነበር። ይኸው ጥያቄ በእድር ስብሰባ ይመጣል፤ በጡረታ ቀን ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ይመጣል፤ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ይጠብቀኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ብሎግ ነው፤ ጽሑፍዎን በኢንተርኔት ለሰው የሚያወጡበት የራስዎ ገጽ ማለት ነው፤ መጻፉ ደግሞ ጡመራ ይባላል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ማኪያቶ እየጋበዝኩ ማስረዳቱን የጡረታ አበሌ ስላልቻለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ስልክ መደወልና ቴሌግራም ላይ የተላከ ፎቶ መክፈት ከቻሉ ይበቃዎታል። ለዝግጅቱ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለመጀመሪያው ጽሑፍ ሁለት ሦስት ቀን ይያዙ። በአንድ ቀን ልጨርስ ያሉ ሁሉ ስልኩን ሶፋ ላይ ወርውረዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስማርት ስልክ። ላፕቶፕ ካለ መልካም፤ ከሌለ በስልክ ብቻ ይሠራል። ስልኩ በሠርግ ቪዲዮ ጢም ብሎ ከሆነ መጀመሪያ ቦታ ያስለቅቁለት።
- የማንበቢያ መነጽር፣ ሁለት። ሁለተኛው አንደኛውን ለመፈለጊያ ነው።
- በራስዎ ስም የወጣና በእጅዎ ያለ ሲም ካርድ። ይህን ከደረጃ 3 ጋር አያይዤ እመለስበታለሁ፤ እንባዬም እዚያ ነው።
- የወረቀት ደብተርና እስክሪብቶ። ለፓስዎርድም ለረቂቅም። በዳዊቱ ጀርባ ወይም በመብራት ደረሰኝ ላይ መጻፍ አይፈቀድም።
- የኢንተርኔት ጥቅል። ለመጻፍ ብዙ አይፈጅም፤ የሚፈጀው ፎቶ ነው።
- አንድ ታጋሽ ወጣት፣ በቀጠሮ። ክፍያው ምሳ ነው። ጥብቅ ሕግ አለው፦ ወጣቱ በአፉ ይናገራል፣ ስልኩ ግን ከእርስዎ እጅ አይወጣም። «ቆይ ልሥራልህ» ብሎ ከነጠቀዎት በ8 ሴኮንድ ይጨርሰዋል፤ እርስዎ ደግሞ ምንም ሳይማሩ ምሳ አብልተው ይሸኙታል።

ደረጃ 1፦ ስልኩን ለዓይንዎ ያስተካክሉ

የስልኩን «ሴቲንግስ» ይክፈቱ፤ «ዲስፕሌይ» የሚለው ውስጥ ይግቡና የፊደሉን መጠን ከፍ ያድርጉ። እዚያው ስክሪኑ ሳይነካ ከ15 ወይም ከ30 ሴኮንድ በኋላ የሚጠፋበትን ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ ያራዝሙ።

ለምን? የእኛ ዕድሜ ሰው ዓረፍተ ነገር ከመጻፉ በፊት ያስባል። ስልኩ ግን ማሰብን ከእንቅልፍ አይለይም፤ ይጠፋል። ሲከፍቱት ሐሳቡ የለም።

ደረጃ 2፦ የአማርኛ ኪቦርድ ይጫኑ

አብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ ላይ ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ኪቦርድ አብሮ ይመጣል። በራሱ ሴቲንግስ ውስጥ «ላንጉጅስ» የሚለውን ከፍተው አማርኛን ይጨምሩ። ከዚያ በኋላ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚያሻግርዎት የሉል ምልክቷ ናት።

የአማርኛ ኪቦርዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ፊደሉን ራሱን ያሳያል፤ «ለ»ን ሲነኩ ከሉ እስከ ሎ ያሉት ቤተሰቦቿ ብቅ ይላሉ። ቄስ ትምህርት ቤት በስንደዶ እየተጠቆመላቸው ሀ ሁ የቆጠሩ ሰዎች ይህን በግማሽ ሰዓት ይለምዱታል። ሌላው በላቲን ፊደል ድምፅ እየነኩ አማርኛ የሚያወጡበት ነው፤ ልጆቹ የሚወዱት ይህን ነው። ልጅዎ የሚጠቀምበትን ሳይሆን ለእርስዎ የሚቀልልዎትን ይያዙ፤ በየቀኑ የሚታገለው ጣት የእርስዎ ነውና።

ጉግል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድምፅ የተነገረ አማርኛን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። የማይክሮፎኗን ምልክት ተጭነው መናገር ነው። ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው፤ ብቻ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይኖር። ስለ ልጅነቴ ገና እያወራሁ ባለቤቴ ከጓዳ «ሽንኩርቱ አረረ!» አለች፤ ጽሑፉም «አባቴ ቁመተ ረጅም ሽንኩርቱ አረረ ሰው ነበሩ» ብሎ ወጣ።

አራት ነጥብን ከኪቦርዱ ላይ ፈልገው ያግኙት፤ በሁለት ሁለት ነጥብ ወይም በእንግሊዝኛው ኮሎን አይቀጥሉት። የተቀጣጠለው መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይሰነጠቅና ግማሹ እላይ፣ ግማሹ ከታች ብቻውን ይቀራል።

ደረጃ 3፦ የራስዎን ጂሜይል ያውጡ

ብሎጉ የሚከፈተው በጂሜይል ነው። ሲመዘገቡ ስልክ ቁጥር ይጠየቃሉ፤ ወደዚያ ቁጥር ኮድ ይላካል። የሚያስገቡት በእጅዎ ያለውን የራስዎን ቁጥር ነው።

ይህን በወፍራሙ የምጽፈው ስለተቃጠልኩ ነው። የመጀመሪያውን ጂሜይል ያወጣልኝ የወንድሜ ልጅ ሲሆን፣ «ለፍጥነት» ብሎ የራሱን ቁጥር አስገባ። ከአራት ወር በኋላ ዱባይ ሥራ አገኘና ሄደ። እኔም ስልክ ቀየርኩና ለመግባት ስሞክር ጉግል «ለባለቤቱ ኮድ ልከናል» አለኝ። ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ኮዱ ግን ሻንጣ ውስጥ በተጣለ፣ ከዚያም አገልግሎቱ በተቋረጠ ሲም ላይ ነው። አሥራ አንድ ጽሑፍ እስከ ዛሬ እዚያ ታስሮ አለ። አነባቸዋለሁ፤ አንዲት ነጥብ ማረም ግን አልችልም፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ የሟች አክስቴ ስም ተሳስቷል።

ፓስዎርዱን የትውልድ ዘመንዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ስም አያድርጉት። ከማይረሱት አንድ ረጅም አባባል የየቃሉን የመጀመሪያ ፊደል በላቲን ይውሰዱና ቁጥር ይጨምሩበት። ደብተሩ ላይ ይጻፉት። ወጣቶች ወረቀት ላይ አይጻፍም ይላሉ፤ ሌባው ቤትዎ ድረስ መጥቶ ደብተር የሚያገላብጥበት ዕድል እርስዎ ከሚረሱበት ዕድል ያነሰ ነው። ቀጥሎ በጂሜይሉ የደኅንነት ገጽ ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ያብሩ፤ ፓስዎርዱን የሰረቀ ሰው ቢኖር እንኳ የስልክዎን ኮድ ስለማያገኝ በር ላይ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ የት እንደሚጽፉ ይወስኑ

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ያባክናል። ምክሬ አጭር ነው፤ ብሎገር ላይ ይጻፉ፣ ቴሌግራም ቻናል ላይ ሊንኩን፣ ማለትም ሲነኩት ወደ ጽሑፉ የሚወስደውን አድራሻ ይበትኑ።

ብሎገር የጉግል ነው፤ ነፃ ነው፤ የጻፉት ሁሉ በርዕስና በቀን ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ሰው በጉግል ፈልጎም ሊያገኘው ይችላል። ቴሌግራም ደግሞ አንባቢው ያለበት ነው፤ ነገር ግን የዛሬው ጽሑፍ የትላንቱን ወደ ላይ እየገፋ ይቀብረዋል። በዚያ ላይ አንድ የቴሌግራም መልእክት ከ4096 የፊደልና የምልክት ቦታ አያልፍም። ከፎቶ ሥር ከሆነማ 1024 ብቻ ነው፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሰላምታውን ብቻ ይችላል።

ቴሌግራም ላይ ሲከፍቱ «ቻናል» የሚለውን እንጂ «ግሩፕ» የሚለውን እንዳይነኩ። ቻናል ላይ የሚናገሩት እርስዎ ብቻ ናቸው። ግሩፕ ላይ ሁሉም ይናገራል፤ በሁለተኛው ቀን ጽሑፍዎ በጽጌረዳ ፎቶና «መልካም ቀን ይሁንላችሁ» በሚሉ መልእክቶች ሥር ይጠፋል፤ በሦስተኛው ቀን የእድሩ ድንኳን ማን ጋር እንዳለ ክርክር ይነሳበታል።

ደረጃ 5፦ ስምና አድራሻ

ብሎገር ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የብሎጉን ርዕስ፣ አድራሻውንና የእርስዎን ስም። ርዕሱ በአማርኛ ሊሆን ይችላል። አድራሻው ግን በላቲን ፊደል ነው፤ አጭር ያድርጉት።

መፈተኛው እንዲህ ነው። አድራሻውን በስልክ ለአንድ ሰው፣ ጀርባው ላይ ሚኒባስ እየጮኸ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይንገሩት። በትክክል ከጻፈው ያዙት። «ጨ»፣ «ጠ»፣ «ጸ»፣ «ቀ» ያለባቸው ስሞች በላቲን ሲጻፉ እያንዳንዱ ሰው የራሱ አጻጻፍ ስላለው አንባቢ መንገድ ይስታል። አንድ ወዳጄ «ጥንቅሽ» ብለው ሰየሙ፤ እንዲህ ጣፋጭ ስም ሆኖ በአምስት ዓይነት ላቲን እየተጻፈ ማንም አላገኛቸውም።

«ብርሃነ ጥበብ ወምክር» ዓይነት ስምም ባይመረጥ ይሻላል። ሰው መጽሐፈ ግንዘት መስሎት ያልፈዋል።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱንና ቀኑን ያስተካክሉ

ትንሽ ትመስላለች፤ ብዙ ሰው ያዋረደች ናት። በብሎገር «ሴቲንግስ» ውስጥ «ታይም ዞን» የሚለው ሲከፈት የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ሆኖ ይገኛል። ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደሚቀድመው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይቀይሩት። አለበለዚያ ዛሬ ጠዋት የጻፉት በትናንት ቀን ይወጣል።

ጽሑፍን አዘጋጅቶ በተወሰነ ሰዓት እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል፤ በቴሌግራም የመላኪያዋን ምልክት ጫን አድርጎ መያዝ፣ በብሎገር በጎን ያለውን ቀንና ሰዓት መሙላት ነው። ነገር ግን ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ለእሱ 6፡00 ነው፤ የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ለእሱ 20፡00 ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት መሆኑን እያወቅኩ፣ ለመስከረም 1 ጠዋት 12 ሰዓት ያሰብኩትን «እንኳን አደረሳችሁ» 12፡00 ብዬ ሞላሁ፣ ከጎኑ ያለችውን ምልክትም አላየሁም። እኩለ ሌሊት ላይ ተላከ። በእኛ አገር በእኩለ ሌሊት የሚጮህ ስልክ መርዶ ነው። ደብረ ብርሃን ያሉ አክስቴ መነጽራቸውን ሳይፈልጉ ተነስተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ዓመተ ምሕረትን በተመለከተ፣ ብሎጉ ራሱ የሚያወጣው ቀን የፈረንጅ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓመት ሲጠቅሱ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይበሉ። «በ1977 ድርቅ ጊዜ» ብለው ሲጽፉ ውጭ አገር ያደገች የልጅ ልጅዎ የራሷን ቀመር ትወስድና ታሪኩን በ7 ወይም በ8 ዓመት ታዛባዋለች።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ይጻፉ

«ኒው ፖስት» የሚለውን ሲነኩ ባዶ ገጽ ይመጣል። ከዚያ በፊት ደብተሩን ይክፈቱ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ባዶ ገጽ ያየ ጡረተኛ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ወይ ከተወለደበት ይጀምራል።

የመጀመሪያው በሽታ የእኔ ነበር። 34 ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እጁ ይለምዳል። የመጀመሪያው ጽሑፌ ቃል በቃል እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «ለውድ አንባብያን በሙሉ፤ ጉዳዩ፦ ጽሑፍ መጀመሬን ስለማሳወቅ፤ ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው...» ልጄ አንብባ ስታበቃ «አባዬ፣ ግልባጭ ለማን ነው?» አለችኝ። መድኃኒቱ እንዲህ ነው፤ ጽፈው ሲጨርሱ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ይሰርዙትና ከሁለተኛው እንዲጀምር ያድርጉ። ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ምንም አይጎድልም።

ሁለተኛው «የተወለድኩት በ...» ነው። በሦስተኛው ጽሑፍ አንደኛ ክፍል ይደርሳሉ፤ አንባቢው ግን እዚያ ድረስ አብሮዎት አይዘልቅም። ከሕይወት ታሪክ ሳይሆን ከአንድ ዕቃ ይጀምሩ። የውኃ ጆግ፣ የኪራይ ደብተር፣ የአባትዎ ምላጭ፣ የትምህርት ቤት ደወል። ዕቃው ደብተሩ አናት ላይ ይጻፍና ከሥሩ አምስት መስመር ብቻ ይሙሉ፦ ማን ነበር፣ የት፣ እጁ ላይ ምን ነበር፣ ምን አለ፣ ከዚያስ ምን ሆነ።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። ይህ በዕቃ ያልተጀመረው ነው፦

«በእኛ የልጅነት ዘመን የነበረው መተሳሰብና ፍቅር ዛሬ የለም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ተካፍሎ በሰላም ይኖር ነበር።»

ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ማንም ጽፎታልም። ይህ ደግሞ ከባልዲ የጀመረው፦

«በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። በራፉ ላይ ባልዲና የቆርቆሮ ጣሳ ይቀመጣል። የቤቱ እመቤት ደጃፉ ላይ ቆመው የእያንዳንዳችንን ተረከዝ እያዩ ‹አንተ ግባ፣ አንተ ተመለስ› ይላሉ። እኔ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ስገባ ፕሮግራሙ አልቆ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር፤ በንጹሕ እግሬ ቆሜ ባንዲራውን አየሁ።»

ሁለተኛው ስለ መተሳሰብ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ግን አንባቢው ቴሌቪዥኑን ለሰፈር ልጅ ሁሉ ክፍት ያደረጉትን ሴት አይቷቸዋል።

ሲጽፉ ለአንድ ሰው ይጻፉ። ለሕዝብ አይጻፉ፤ ለሕዝብ የሚጻፈው ማስታወቂያ ነው። እኔ የምጽፈው ስቶክሆልም ላለች የእህቴ ልጅ ነው። አማርኛ ታነባለች፤ ስሙኒ 25 ሳንቲም፣ ሽልንግ ደግሞ 50 ሳንቲም መሆኑን ግን አታውቅም። እሷን እያሰብኩ ስለምጽፍ የትኛውን ቃል ማብራራት እንዳለብኝ አልቸገርም። ለእድር ጓደኛዎ የሚጽፉ ከሆነ ስሙኒን አያብራሩ፤ ይቀየማል።

ርዝመቱ ከ400 እስከ 600 ቃል፣ ማለትም ሁለት የደብተር ገጽ ገደማ ይሁን። አንባቢዎ ስልኩን ይዞ ታክሲ ውስጥ ነው፤ ወራጅ ከማለቱ በፊት ካልጨረሱለት አይመለስም። የተረፈው ሐሳብ ለሚቀጥለው ጽሑፍ ስንቅ ነው።

ደረጃ 8፦ ያንብቡት፣ ያስተካክሉት

ወደ ስልኩ ከገለበጡት በኋላ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። ትንፋሽ ያጠረዎት ቦታ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ማለት ነው፤ አራት ነጥብ ያስገቡ። በስልክ ስክሪን ላይ ስምንት መስመር የሆነ አንቀጽ ግድግዳ ይመስላል፤ ለሁለት ይክፈሉት።

ስለ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ስለ ሰ፣ ሠ አንድ ነገር ልበል። የፈለጉትን ይምረጡ፤ ግን አንድ ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት መልክ አይኑረው። በተለይ ርዕስ ላይ ብዙ ሰው በሚጽፍበት መልክ ይጻፉ፤ ጉግል ላይ የሚፈልግዎ ሰው «ጸሀይ» እያለ እርስዎ «ፀሐይ» ካሉ ሊተላለፉ ይችላሉ። ምንም ብታደርጉ «ዓይን የሚጻፈው በዐይኑ ዐ ነው» የሚሉ አንድ መምህር ይመጣሉ። እሳቸው የብሎግዎ የመጀመሪያ ታማኝ አንባቢ ናቸው፤ ያመስግኗቸው።

እንደጨረሱ ወዲያው «ፐብሊሽ» (ይታተም) አይበሉ። አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ማታ ያስለቀሰን ዓረፍተ ነገር ጠዋት ብዙ ጊዜ ያሳፍራል።

ደረጃ 9፦ ፎቶ

አንድ ፎቶ ይበቃል። የድሮ ፎቶ ከሆነ ከአልበሙ አውጥተው መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉት፣ ፍላሹን ያጥፉና ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገው ያንሱት። ፍላሽ አብርተው ያነሱት እንደሆነ ሙሽራዋ ፊት ላይ ነጭ ጨረቃ ይወጣል።

ፎቶው ላይ ያሉ በሕይወት የሚገኙ ሰዎችን ያስፈቅዱ። የ1970ዎቹ አፍሮና የተንዘረፈፈ ሱሪ ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ አስታራቂ ለሆነ ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም። መታወቂያ፣ የጡረታ ደብተርና የባንክ ደብተር «ለማስረጃ» ብለው አይለጥፉ።

ደረጃ 10፦ ያትሙ፣ ያሰራጩ

«ፐብሊሽ» ይበሉ። ሊንኩን ኮፒ አድርገው ቻናልዎ ላይ ከሁለት መስመር መግቢያ ጋር ያኑሩ። ከዚያ ለአምስት ሰው ብቻ በግል ይላኩ፤ ለ40 ግሩፕ አይደለም። አምስቱ ካነበቡ ይነግሩዎታል፤ አርባው ግሩፕ ግን ድምፅዎን ያጠፋዋል። ለልጆችዎ ልከው በማግስቱ «አነበብሽው?» ብለው አይደውሉ። አላነበበችም። ሥራ ላይ ናት።

ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳይ «ስታትስ» የሚባል ገጽ አለ። በሳምንት አንዴ ይመልከቱት። በመጀመሪያው ሳምንት 63 ጊዜ ታይቶልኝ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ በኋላ ሳጣራ አብዛኛው እኔው ራሴ ስገባ ስወጣ ነበር።

አስተያየት ሳያዩት እንዳይወጣ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ኮሜንት ሞደሬሽን» የሚለውን ያብሩ። ከውጭ የሚመጣ የብድርና የቁማር ማስታወቂያ ብዙ ነው። ለተሳዳቢ በዚያው ሌሊት አይመልሱ፤ የደም ግፊት መድኃኒትዎን ውጠው ይተኙ። ለመልካሙ ግን ለእያንዳንዱ ይመልሱ፤ መልስ ያገኘ አንባቢ ለሚቀጥለው ተመልሶ ይመጣል።

በሁለት ሳምንት አንድ ጽሑፍ፣ በተመሳሳይ ቀን። በመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ጽፎ የሚጠፋ ሰው ብዙ ነው።

ማስጠንቀቂያ

«ብሎግዎ ሊዘጋ ነው፣ ኮዱን ይላኩልን» የሚል መልእክትም ሆነ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ስልክ ከመጣ ሌባ ነው። በስልክዎ የመጣውን ኮድ ለማንም አይንገሩ፤ ከነድምፁ እንደ ልጅዎ ለሚያወራም ጭምር። ስልኩን ዘግተው ልጅዎን በሚያውቁት ቁጥር ይደውሉ።

በግሩፕ የተላከልዎትን ወሬ ወደ ብሎግዎ አይገልብጡ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ተከታይ ያለውንም የሌለውንም ይመለከታል፤ ሐሰተኛውን መረጃ ያሰራጩበት ገጽ ከ5000 በላይ ተከታይ ካለው ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። የሰው ግጥም ወይም የመጽሐፍ ምዕራፍ ሙሉውን አይለጥፉ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል።

የቤተሰብ የውርስ ጉዳይ ያልተዘጋ ከሆነ ስለዚያ ቤት፣ ስለዚያ መሬት፣ ስለዚያ አጥር አንዲት መስመር አይጻፉ። ትዝታ ብለው የጻፉት ፍርድ ቤት ላይ ገጽ ተቆጥሮ ይቀርባል።

የተለመዱ ስህተቶች

ከብዙ ዓመት በፊት ጽሕፈት ቤት ያስተየቡትን የሕይወት ታሪክ በፍላሽ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ኮፒ አድርገው ብሎጉ ላይ ሲያኖሩት አማርኛው ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ትርምስ ይቀየራል፤ ክታብ ይመስላል፣ አንገት ላይ ካልተንጠለጠለ አያገለግልም። ምክንያቱ በቀድሞዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተጻፈው ብዙው ጽሑፍ የዩኒኮድ፣ ማለትም ስልኩም ኮምፒውተሩም ፊደልን የሚለይበት የጋራ አሠራር፣ አለመሆኑ ነው፤ ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን የድሮዎቹ ፎንቶች ግን ከዚያም በኋላ ረጅም ጊዜ ሠርተዋል። አንድ አንቀጽ ለራስዎ በቴሌግራም ልከው ይፈትኑ። ከተበላሸ ያስተየቡበት ቤት ወደ ዩኒኮድ እንዲቀይርልዎ ይጠይቁ፤ ካልሆነ ማይክሮፎኑን አብርተው ያንብቡለት። ሽንኩርቱ ከምድጃ ከወረደ በኋላ።

ጽሑፉን ሁሉ በደማቅና በቀይ ፊደል ማድረግ። ሁሉም ከደመቀ ምንም አልደመቀም፤ ቀዩ ደግሞ የቅዱሳን ስም ያስመስለዋል።

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አዲስ ብሎግ መክፈት። ይህን ያደረጉ ሁለት ሰው አውቃለሁ። «ኒው ፖስት» እና «ኒው ብሎግ» የሚሉት ቁልፎች አንድ አይደሉም።

«ስለዘገየሁ ይቅርታ» ብሎ መጀመር። ካልነገሩት በቀር ማንም አላስተዋለም።

መጠባበቂያ አለመያዝ። በብሎገር «ሴቲንግስ» ውስጥ ወደ ታች ሲወርዱ «ባክ አፕ ኮንቴንት» የሚል አለ። በሦስት ወር አንዴ ይንኩት፤ የጻፉት ሁሉ በአንድ ፋይል ይወርድልዎታል። ፋይሉን ለአንድ ልጅዎ ኢሜይል ያድርጉት። የፓስዎርዱን ደብተር የት እንደሚያስቀምጡም ለዚያው ልጅ ይንገሩት፤ ለሌላ ለማንም አይደለም። የእኔ ደብተር ለምሳሌ ሳሎን ካለው ቡፌ ውስጥ፣ ከሠርግ ብርጭቆዎቹ ጀርባ ነው።

ቆይ፤ ተነስቼ ቦታውን ልቀይር።